አንድ ማንኪያ ቅቤ በሁዳዴ

የእኛ ቤት ሰው በቆሎ አይበላም ነበር። ይህን የምለው ተኩራርቼ ሳይሆን አፍሬ ነው። አባቴ አቶ ቢያዝን ደብረ ወርቅ አጠገብ ነጭ ጤፍ የሚያበቅል መሬት ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ በቆሎ ከተነሳ “እሱ የፈረስ ነው” ብለው ወሬውን ይዘጉታል። እኔ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ወፍጮ ቤት አለኝ። ማን ጤፉን ከምን እንደቀላቀለ በዱቄቱ ሽታ የማውቅ ሰው ነኝና የአባቴን ኩራት ሳይጎድል ወርሻለሁ።

ታዲያ ያገባሁት ማንን ነው? የቡሬ በቆሎ ያሳደጋትን እድላዊትን። በተጋባን ሰሞን በቆሎዋን ተሸክማ ወፍጮ ቤት ስትመጣ፣ ሰዉ እስኪሄድ አስጠብቃት ነበር። አንድ ቀን ጆንያዋን መሬት አስቀመጠችና፣ “አንተነህ፣ የምታፍረው በበቆሎው ነው ወይስ በእኔ?” አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛውም ሰው ወረፋዋን ይዛ ታስፈጫለች።

እድላዊት ብዙ አትናገርም። እስከ እኩለ ቀን ሙአለ ሕፃናት ውስጥ የሰው ልጅ ስታበላና ስታጥብ ቆይታ፣ ቤት ስትገባ ደግሞ የእኛ ተራ ይደርሳል። በጾም ቀን ቤታችን ገንፎ ነው። በቆሎውን አመስ አድርጋ ታስፈጫለች፤ የፈላው ውሃ ላይ ጨው ጣል አድርጋ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ እየነሰነሰች ታማስላለች። መሀሉን በማንኪያ ጎድጎድ አድርጋ በርበሬና የኑግ ዘይት ትሞላዋለች፤ ከጎኑ ጎመን ይቀርባል። የተረፈውን ደግሞ በማግስቱ ቆራርጣ በዘይት ትጠብሰዋለች፤ ልጃችን ወንጌላዊት ለእሱ ስትል ገንፎው እንዲተርፍ ትጸልያለች። እኔም ቀስ በቀስ ለመድኩት። መውደዴን ግን ለአባቴ አልነገርኩም።

አምና ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ አባቴ ወደቁ። ግራ ጎናቸው ዛለ፣ አፋቸው ትንሽ ጠመም አለ። ከሐኪም ቤት በቀጥታ ወደ እኛ አመጣኋቸው። ሐኪሙ ወተትና እንቁላል ይስጧቸው አለ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ይስማው ከደብረ ወርቅ በሚኒባስ ድረስ መጥተው፣ ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነው ብለው ለመኗቸው።

“እግዜር ይስጥልኝ መምሬ” አሉ አባቴ። “ግን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ የያዝሁትን ጾም በሰማንያዬ አልለቀውም።”

ጥርስ ድሮም የላቸውም፤ እንጀራው ጉሮሯቸው ላይ ይቆማል፤ ሽሮው ትን ይላቸዋል። በአሥር ቀን ውስጥ አንገታቸው ቀጠነ። ለፋሲካ የሚደርሱ አልመሰለኝም። ያን ጊዜ ነው እድላዊት የበቆሎ ገንፎ ሠርታ ያቀረበችላቸው።

“ምን ወልጄ ነው ገንፎ የምበላ?” አሉ። “ያውም የበቆሎ።”

“አይውለዱ አባባ። ይቅመሱ ብቻ።”

ሁለት ጉርሻ ቀመሱ። በማግስቱ አራት ሆነ። ጥርስ አያስፈልገው፣ ጉሮሮ አይዝ፣ እንዲሁ ይወርዳል። እኔም አላስችል ብሎኝ “አባባ፣ የፈረሱ እህል እንዴት ነው?” ብላቸው፣ “ፈረስ ሞኝ አይደለም” አሉኝ። ከወደቁ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቅኩት።

ሰው እያለው አይረካም። ትንሽ ሲበሉ ሳይ ብዙ እንዲጠነክሩ ፈለግኩ። ሌሊት ሌሊት ሳላቸውን እየሰማሁ፣ ዘይት ብቻውን ሰው አያቆምም እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን እድላዊት ገንፎውን ጓዳ ውስጥ ሳህን ላይ ገልብጣ ወንጌላዊትን ልትጠራ ስትወጣ፣ ለፋሲካ ተነጥሮ ከተቀመጠው ጠርሙስ አንድ ማንኪያ ቅቤ ቀድቼ መሀሉ ላይ ጨመርኩ። በርበሬውን አለበስኩት። ለአባቴ ያደረግኩት ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

አንዴ ጎረሱ። አፋቸው ቆመ። የጎረሱትን በጋቢያቸው ጫፍ ተቀብለው አወጡትና ውሃ ጠይቀው ተጉመጠመጡ። ማንንም አላዩም።

“ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ድስት የተሠራ አልበላም” አሉ።

እድላዊት ሳህኑን አንስታ አሸተተች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ‘እኔ አይደለሁም’ ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እሷ ግን “ይቅር ይበሉኝ አባባ” ብላ ሳህኑን ይዛ ወጣች።

ሦስት ቀን ከውሃና ከጠበል ሌላ አልቀመሱም። በሦስተኛው ቀን እድላዊት ወፍጮ ቤት መጥታ፣ በቆሎዋን ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ፣ “ንገራቸው” አለችኝ።

“ከነገርኳቸው እንደታመሙ ተነስተው ይሄዳሉ።”

“እንግዲያው አንተ ፍራ። እኔ ግን ሰው በርሃብ ሲሄድብኝ ቁጭ ብዬ አላይም።”

ዱቄቷን ይዛ በቀጥታ ገበያ ሄደች። ቅቤ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ድስት፣ አዲስ ማማሰያ፣ አዲስ ሳህን ገዛች። ከሰል ምድጃውን ተሸክማ አባቴ አልጋ አጠገብ አስቀመጠችው፤ በሩንና መስኮቱን ከፈተች።

“አባባ፣ ዓይንዎ እያየ ነው የምሠራው” አለቻቸው። ዱቄቱን በእፍኟ ይዛ አሸተተቻቸው። ጨዉን አሳየች፤ የዘይቱን ጠርሙስ ክዳን እሳቸው ፊት ከፈተች። ከዚያ ቁጢጥ ብላ ማማሰል ጀመረች። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነበር፤ ዱቄቱ ሲንተከተክ ቀስ ብለው ዞሩ።

“እዚያ ዳር ላይ ጓጉሏል” አሉ።

“የት ጋ አባባ?”

“ወደ ቀኝሽ። ጫን አድርጊው።”

ሳህኑ መሀል ላይ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ወንጌላዊት ያኔ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ በዚያ ዓመት ነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም የጀመረችው፤ ዓይኗን ከገንፎው ላይ አልነቀለችም። እጁን የዘረጋ ግን የለም። እድላዊትም ሌላ የሚበላ ነገር አልሠራችም።

“ብሉ እንጂ” አሉ አባቴ።

“ትልቅ ሰው ሳይባርክና ሳይቀምስ?” አለች እድላዊት። “በእርስዎ ቤት እንደዚህ ነው እንዴ ልጅ ያሳደጉት?”

ልጅቷን አዩ። ረዘም ላለ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ደህናውን እጃቸውን አንስተው ባረኩ። የባረከ ሰው ካልቀመሰ ሌላው አይነካምና፣ ከዳር ቆንጠር አድርገው፣ እፍ እፍ ብለው ጎረሱ። አሸተቱ። ዋጡ። ወንጌላዊት ተከተለች። እኔ ለቅሶዬን በርበሬው ላይ አሳበብኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁዳዴው እስኪያልቅ ድረስ ምድጃው ከአልጋው አጠገብ አልተነሳም። አባቴ የገንፎ አለቃ ሆኑ፤ እሳቱ በዛ፣ ውሃው አነሰ፣ እያሉ። ለሆሳዕና ተደግፈው ተቀመጡ። በስቅለት ከዘራ ይዘው እስከ በሩ ሄዱ። ጎረቤት ሲጠይቃቸው “የቡሬ ልጅ ናት ያቆመችኝ” ይላሉ። እኔ ይህን በሰማሁ ቁጥር ደስታው ይመጣል፤ አብሮት ደግሞ ያቺ ማንኪያ ትመጣለች። እድላዊት ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። አምላክ ምን አይቶ እሷን እንደሰጠኝ አላውቅም፤ የእኔን ሥራ አይቶ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ፋሲካ ጠዋት ቤቱ በዶሮ ወጥ ተሞላ። አባቴ ግን “ገንፎዬን” አሉ። እድላዊት እየሳቀች እንደወትሮዋ አልጋው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ገንፎውን ገልብጣ፣ መሀሉን ጎድጎድ አድርጋ ዘይቱን ስታነሳ እጇን ያዙት።

“ዘይቱን ተይው። አንተነህ።”

“አቤት አባባ።”

“ያን ቅቤ አምጣው እንግዲህ። ዛሬ ቀኑ ነው።”

እድላዊትን አየኋት። አልነገርኩም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

“እሷን ምን ታያታለህ?” አሉ። “እጇን አውቀዋለሁ። ያን ቀን ‘በዚህ ቤት ድስት’ አልሁ እንጂ ‘በእሷ እጅ’ አላልሁም።”

ጉልበታቸው ላይ ወደቅሁ። ጭንቅላቴን ዳበስ አደረጉኝና፣ ገንፎው ይቀዘቅዛል፣ ተነሥ አሉኝ። ጠርሙሱን አመጣሁ። አንድ ማንኪያ ቀድቼ መሀሉ ላይ አፈሰስኩ።

ሳህኑን አይተው እኔን አዩኝ።

“ጨምር” አሉኝ።