ከዘሩ ጋር የተሰቀለው ድንጋይ

በራያ ሜዳ እንደኔ ብርቱ ጥርስ ያበቀለ ልጅ አልነበረም፤ የግመል አጥንት እንደ ቆሎ እቆረጥም ነበር። ትናንት ግን ጎብዬ ከተማ አንድ ሻይ ቤት፣ ነፋስ በሩን እንዳይዘጋው የማሽላ ራስ የመሰለ ድንጋይ አስደግፈውት ሳይ፣ ምላሴ ሳላዘው ወደ ድዴ ሮጠ።

በስልሳ ስድስቱ ረሃብ አያቴ እንዲህ ያለ ድንጋይ ከደረቀው ወንዝ አምጥተው ነበር። ፍሬው ሳይቀር ተደርድሮበታል። ነቀዝ እንዳይነካው ከምድጃው በላይ ጭስ ከሚጠጣው የዘር ማሽላ ጋር፣ ከሁሉም ዝቅ አድርገው ሰቀሉት።

«አባባ፣ ማሽላ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«አላህ ያውቃል። ማሽላ ከነበረም ዘር ነው፤ ዘር አይበላም። ዝናብ የመጣ እንደሆን ምን ልንዘራ?»

እናቴ ውሃ ፍለጋ በወጣች ጊዜ ግን ሆዴ አሸነፈኝ። ጭሱ ዓይኔን ቢያስጨፍነኝ፣ እጄ የደረሰበትን ራስ ስቤ በሙሉ ኃይሌ ገመጥኩት።

አያቴ ጩኸቴን ሰምተው ገቡ። አልተቆጡም። የፊት ጥርሴን ከመሬት አንስተው አዩና ወደ ድንጋዩ ዞረው፣ «ጎሽ፣ ዘሩን ጠበቅህልን» አሉት።

ድንጋዩ ድሮ ማሽላ ይሁን ከጥንቱም ድንጋይ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የግመል አጥንትም ቆርጥሜ አላውቅም፤ ቆሎ እንኳ ባለቤቴ ወቅጣ ነው የምትሰጠኝ።