የተቆረጠው ጨጓራዬና የጉደር ሽማግሌዎች

ሆሆሆይ! ቆዩማ፣ ዋናው ገና ነው! ሐኪም ጨጓራዬን ቆርጦ ካሳነሰው ወዲህ ያ ሁሉ ውፍረቴ ረግፎ፣ ምግብ ቆንጠር አድርጌ መተው ሆነ ልማዴ። ታዲያ የእህቴን ልጅ ጫልቱን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከጉደር አምቦ ድረስ መጡ። እኔው መበለቷ አክስት ፈቀድኩና ዶሮ ወጥ ቀረበ። ትንሽ ቀምሼ እጄን ስሰበስብ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ኦቦ ቶላም እጃቸውን ሰበሰቡ።

«የቤቱ እመቤት ያልበላችውን አንበላም! ልጅቷን መስጠቱ ከቆጨሽ ንገሪንና እንሂድ!» አሉ።

ጫልቱ እንባዋ መጣ። እኔም ደንግጬ፣

«ኧረ በማርያም! ጨጓራዬን ተቆርጬ ነው እንጂ! ከሦስት ጉርሻ በላይ አይገባልኝም!» አልኩ።

ኦቦ ቶላ ከላይ እስከ ታች አዩኝና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ፦

«በሉ እሷንም ለእኔ ጠይቁልኝ! ሦስት ጉርሻማ መቼ አጣሁ!»