ባሕር የማይታይበት መቃብር

ይህን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። አስቀድማችሁ ግን ማንነቴን እወቁ፤ እኔ ሽኩር፣ ያለ አስተማሪ እንግሊዝኛ ያነበብኩ፣ ኮምፒውተር ለብቻዬ የለመድኩ ሰው ነኝ። ጆሃንስበርግ ውስጥ የስልጤ ልጆች ጋብቻ ሲያስቡ ዝምድና እንዳይገኝባቸው እስከ ሰባት ቤት የምቆጥርላቸው እኔ ነኝ። ከከተማው ዳር ሰፈሮች፣ ከቮስሎሩስም ከዲፕስሉትም ይመጣሉ። ተሳስቼ አላውቅም ነበር።

የሱቄ አከራይ ማማ ግዌን ታመው ነበር። አያታቸው ዴቪድ ኦወን ከዌልስ፣ ከፔምብሮክሽር ባሕር ዳር፣ ለወርቅ ቁፋሮ መጥተው አገራቸውን እንደናፈቁ እዚሁ ሞቱ።

«ሽኩር፣ የአያቴን አባት መቃብር ፈልግልኝ» አሉኝ። «አያቴ አልተመለሰም። ስሞት ሬሳዬ ይቃጠልና አመዴ እዚያ ይረፍ፤ እኔ ልመለስለት።»

እኔ ምን አደረግሁ? እንደ እኛ አገር ደንብ ሁለተኛው ስም የአባት ነው ብዬ፣ ኦወን የሚባል አባት ፈለግሁ። ዌልሶችም ጥንት እንደኛ በአባታቸው ይጠሩ እንደነበር አንብቤ ኮርቻለሁ። ከባሕር ርቆ በሚገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ላይ አንድ ኦወን አገኘሁ፤ ልጁም ዴቪድ።

ማማ ግዌን አለቀሱ። «ከመቃብሩ ባሕሩ ይታያል?»

«ይታያል» አልኩ። ዋሸሁ።

በሳምንቱ እዚሁ የተጻፈ የዴቪድ ጋብቻ ወረቀት እጄ ገባ። አባት፦ ቶማስ ኦወን፣ ዓሣ አጥማጅ። ለካ በዴቪድ ዘመን ኦወን የቤተሰብ ስም ሆኖ ኖሯል። በዚህ ስም ደግሜ ስፈልግ የቶማስን መቃብር አገኘሁት፤ ከባሕሩ በላይ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነው።

ማማ ግዌን ከዚያ በኋላ አራት ወር ኖሩ። አራት ወር ሙሉ ስለ ወረቀቱ ሳልነግራቸው በደጃቸው አለፍኩ። አንድ ቀን «አንተስ ስንት አያት ትቆጥራለህ?» ቢሉኝ ሰባቱንም ደረደርኩላቸው። «አቤት ጉራህ!» ብለው ሳቁ። ያኔ እንኳ ዝም አልኩ። ሽኩር ተሳሳተ እንዳይባል አይደለም?

አመዱን የእህታቸው ልጅ ወሰደች። የላከችልኝ ፎቶ ላይ በጎችና ኮረብታ አሉ። ባሕር የለም።

የኔ አባት የተቀበረው ከእንሰቱ ማሳ ጀርባ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት አላየሁትም። ናፍቆትን አላውቅም ነበር ልበል? አላህ ያውቃል፤ እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

እንግዲህ የቻልኩት ይህ ነው፦ የባዕድ አገር መዝገብ ያለ አስተማሪ አነበብኩ። የቶማስን መቃብር አገኘሁ። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ማማ ግዌንን ከማያውቁት ሰው ጎን አስተኛሁ። ለእህታቸው ልጅ «ተሳስቻለሁ» ብዬ መጻፍ ግን እስካሁን አልቻልኩም።