በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ጉም

ሚሌኒየሙ ተከብሮ ባለቀ ማግስት፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ድረ ገጽ መሥራት የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምን ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ የጉና ግርጌ ገበሬዎች ያቋቋሙት አንድ የገብስ አምራቾች ዩኒየን በሙከራ ቀጥሮኝ፣ የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሥራ አስኪያጁ ሳያድበሰብስ ነግሮኛል፤ ድረ ገጹ በቦርዱ ፊት ቀርቦ ከጸደቀ ቋሚ እሆናለሁ፣ ካልጸደቀ እሰናበታለሁ። እናቴ ደግሞ አላስቻላትም፣ ልጄ ቋሚ ሆነ ብላ ለሰፈሩ ሁሉ አስቀድማ አውርታለች።

ዩኒየኑ አርማ ነበረው። የከተማው ሠዓሊ በነጭ ሸራ ላይ የሳለው የጉና ተራራ፣ ከፊቱ አንድ የገብስ ዛላ። ሸራው በስብሰባ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፎቶ አንስቼ፣ ነጩን ጀርባ በኮምፒውተር ፍቄ አወጣሁና ተራራውና ዛላው ብቻ እንዲቀሩ አደረግሁ። የቀረው ባዶ ሆኖ ከሥሩ ያለውን የገጹን ቀለም ያሳልፋል፤ የገጹ ቀለም ደግሞ የደረሰ ገብስ ቢጫ ነው። እንዲህ ላለው ሥራ ሁለት ዓይነት ምስል ነበረን። የቆየው ጂአይኤፍ ወይ ያሳልፋል ወይ አያሳልፍም፣ መሀል ቤት አያውቅም፤ ስለዚህ ተራራዬን ጠርዙን አይጥ የበላው ዳቦ አስመሰለብኝ። ፒኤንጂ የሚባለው ግን ጠርዙን አለስልሶ ቀስ እያለ ከገጹ ጋር ያዋህደዋል። እኔ በዚያ ዕድሜዬ አይጥ የበላው ነገር ይዤ የምቀርብ ሰው አልነበርሁም። ፒኤንጂውን መረጥሁ።

ድረ ገጽ የሚከፈትባቸው ፕሮግራሞች፣ አሮጌዎቹ ብሮውዘሮች፣ ፒኤንጂን በደንብ እንደማያሳዩ አንብቤአለሁ። በእኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው ግን አዲስ ነበርና ነገሩን የሌላ ሰው በሽታ አድርጌ ተውሁት። አዳራሹ ውስጥ ከፕሮጀክተሩ ጋር የተያያዘው ኮምፒውተር ግን ሲገዛ ከነበረው ብሮውዘር ጋር በላስቲክ ተሸፍኖ የሚኖር፣ ያለ ንብረት ክፍሉ ፈቃድ የማይነካ ዕቃ ነው። እኔም አስቀድሜ ፈቃድ ለመጠየቅ ኮራሁ።

በስብሰባው ቀን ሰባቱ የቦርድ አባላት ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀመጡ። ገጹን ከፈትሁ። ቢጫው መጣ፣ ጽሑፉ መጣ፣ በመጨረሻም ጉና ብቅ አለ፤ ግራጫ ሳጥን ውስጥ ተቀርቅሮ። አሮጌው ብሮውዘር ማሳለፍ ያልቻለበትን ባዶ ቦታ ሁሉ በግራጫ ደፍኖታል። ሥራ አስኪያጁ ከግድግዳው ወደ እኔ ዞሮ፣ ይኼ ምንድን ነው አለኝ። ስለ ብሮውዘር ማስረዳት እችል ነበር፤ ግን ሥራዬን የማቀርብበትን ኮምፒውተር እንኳ አልሞከርሁም ማለት ስለሚሆንብኝ አፌን ያዝሁ።

የቦርዱ ሊቀ መንበር ከጉና ሥር የመጡ፣ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ቆሞ የሚያነጋግራቸው ሽማግሌ ናቸው። ግድግዳውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ደግመው ግድግዳውን አዩ።

«ጉም ነዋ» አሉ። «ጉናን ያለ ጉም ያየው ማን ነው?»

የቀሩት ስድስቱም እውነት ነው አሉ። አንዱ የሐምሌ ጉም ልክ እንዲህ ነው ብለው መሰከሩ። ከዚያ ወሬው ወደ ውርጭ፣ ከውርጭ ወደ ዘር ዞረና ድረ ገጹ ተረሳ። ጸሐፊው አርማው ከነጉሙ እንዲጸድቅ በሙሉ ድምፅ ተወስኗል ብሎ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረ። የሚጽፉት ፈረሙ፣ የማይጽፉት በአውራ ጣታቸው አተሙ፣ ክብ ማኅተሙም አረፈበት። ሥራ አስኪያጁ ሲያመሰግነኝ፣ ስለ ጉሙ ብዙ አስቤበታለሁ አልሁት።

ቋሚ ሆንሁ። የዚያኑ ቅዳሜ ጓደኞቼን ሰብስቤ፣ የኮምፒውተር ስሕተት አይተው ጉም ያሉትን ሰባት ገበሬዎች ነገርኋቸው። አነጋገራቸውን ሳይቀር እየቀዳሁ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

በዓመቱ ከባሕር ዳር የመጣ ጠጋኝ የአዳራሹን ኮምፒውተር ሲያድስ አዲስ ብሮውዘር ጫነበት፤ የጉናም ግራጫ ሳጥን ጠፋ። በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቃለ ጉባኤውን ይዞ ቢሮዬ ገባ። ቦርዱ ያጸደቀውን ጉም ያለ ቦርዱ ፈቃድ በማንሳቴ በሦስት ቀን ውስጥ በጽሑፍ ምላሽ እንድሰጥ አዘዘኝ። ጉሙን ያነሳሁት እኔ አይደለሁም ብል፣ ታዲያ ያመጣው ማን ነበር ሊባል ነው።

ሊቀ መንበሩን በገበያ ቀን፣ በቅሏቸውን ከዩኒየኑ አጥር ሲያስሩ አገኘኋቸው። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁና ሁሉንም ተናዘዝሁ። ጉም እንዳልነበረ፣ የኮምፒውተሩ ጉድለት እንደሆነ፣ እኔም እያወቅሁ ዝም እንዳልሁ። ሳያቋርጡኝ ሰሙ።

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ። «ሸራውን ሠዓሊ ጠርቼ ያሣልሁት እኔ ነኝ። ምን ጉም አለበት?»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ፣ አባቴ?»

«ላብህ በጉንጭህ ሲወርድ አየሁ። የሰው ልጅ በአደባባይ ሲዋረድ ዝም ብሎ ይታያል?»

የቀሩትስ ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«ሸራው በየስብሰባው ፊታቸው ተሰቅሎ የለም? ዓይን የላቸውም ብለህ ነው?» አሉና የበቅሏቸውን ልጓም አጠበቁ። «አሁን መልሰህ አግባው። እኔንም እነሱንም ዋሾ አታድርገን።»

ያዘኑልኝ ሰባት ሰዎች፣ አንድ በአንድ ከነአነጋገራቸው ያሾፍሁባቸው ናቸው።

ቢሮዬ ገብቼ ምስሉን ከፈትሁና፣ ከተራራው ጀርባ ግራጫ ሳጥን በእጄ ሳልሁ። አሮጌው ብሮውዘር በቅጽበተ ዓይን የሠራውን እኔ ቀለሙን ሳመሳስል ዋልሁ። ለሥራ አስኪያጁም ጉሙ ወደ ቦታው ተመልሷል ብዬ ጻፍሁ፤ ምላሼ ተቀባይነት አግኝቶ ከፋይሉ ገባ። ኋላ በዩኒየኑ በር ላይ የተተከለው ሰሌዳም ከነሳጥኑ ተሳለ፣ እስካሁንም አለ።

ከጓደኞቼ ጋር ስንገናኝ ዛሬም ያንን ወሬ ድገምልን ይሉኛል። ረሳሁት እላቸዋለሁ።