ሰባት ቁጥር ዝግ ነው

ያ የድሮ ነገር የጀመረው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያስታወሰችኝ ልጄ ናት። ትናንት ሊኑክስ በሚሉት ፕሮግራም በሚሠራው ኮምፒውተሯ ላይ «ኤስኤስ» ብላ ስትጽፍ የቁጥር ዝርዝር ወረደ። ምንድነው ብላት፣ ማሽኑ አድራሻው አንድ ቢሆንም ፖርት የሚባሉ ቁጥር ያላቸው ብዙ በሮች እንዳሉት፣ ከየክፍት በሩ ጀርባም ጥሪ የሚጠብቅ ፕሮግራም እንዳለ አስረዳችኝ። «ማን እንደሚያዳምጥ እያየሁ ነው» አለች። ሳቄ አመለጠኝ።

እኔም በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ላይ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት ከተመደብኩ ወር አልሞላኝም፤ ሰው ቀና ብዬ የማላይ ዓይን አፋር ነበርኩ። ስልክ ጠባቂው ኦቦ ገመቹ መንገዱ በጭቃ ሳይዘጋ አንገር ጉቲን የሚባል የገጠር ከተማ ደርሰው ለመመለስ ሲነሡ የስልክ ማገናኛውን ስዊችቦርድ ለእኔ ተዉት። ከውጭ የሚደወልበት ቁጥር አንድ ነው፤ አሥራ ሁለቱ ቀዳዳዎች ግን እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ክፍል ይወስዳሉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «በየቀዳዳው ስፒናውን ሰክተሽ ማን እንደሚያዳምጥ ጠይቂ። የመለሰውን ክፍት፣ ያልመለሰውን ዝግ ብለሽ ጻፊ።»

ቃል በቃል ፈጸምኩ። በዚያች ቀጭን ድምፄ «ማነው የሚያዳምጠው?» እላለሁ። የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥ እንደሚያሳስር ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ሦስት ቁጥር ሬዲዮ የሚባል ቤቱ ገብቶ እንደማያውቅ ማለልኝ። አምስት ቁጥር የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ነበር፤ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሰባት ቁጥር ጉራጌው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ሸምሱ ናቸው። «እኔ ነኝ ልጄ። ግን ማታ ማታ ብቻ ነው፤ ያውም ድምፁን ቀንሼ» አሉ። ጥንቁቅ ነኝና ሁሉንም ጻፍኩት።

ከምሳ በኋላ ካድሬው መጣ። ከበላይ የተላክሁ መስሎት እጅ ሊነሣኝ ምንም አልቀረውም። «ጓዲት፣ ግሩም ዘዴ ነው። የመለሱትን ነገ ጠዋት ገልብጠሽ አምጪልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ሸምሱ ይህን ሰምተው፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸታቸውን እንደያዙ ደርቀው ቆመዋል። «ስድስት ልጅ አለኝ» ብቻ አሉኝ።

በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ውሸት መጻፍ አልችልበትም። ስለዚህ መጀመሪያ ከስዊችቦርዱ ጀርባ ገብቼ የሰባት ቁጥርን ሽቦ ነቀልኩ። ከዚያ ስፒናውን ሰክቼ ሦስት ጊዜ «ማነው የሚያዳምጠው?» አልኩ። መልስ የለም። ተቀመጥኩና ለካድሬው በሚሄደው አዲስ ወረቀት ላይ በጥሩ የእጅ ጽሕፈቴ «ሰባት ቁጥር፦ ዝግ» ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬም መለስ ብዬ ሳስበው፣ እዚያ ወረቀት ላይ አንድም ውሸት አልነበረም።