ታርጋው የደበቀው ዕድሜ

በጋናዋ ኩማሲ ከተማ መናኸሪያ ውስጥ አንዲት የለቅሶ ጥቁር የለበሱ ሴትዮ ከሾፌሩ ከፍሪምፖንግ ሚኒባስ ፊት ቆመው ታርጋውን አነበቡና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ይግቡ እማማ፣ የሁለት ሺህ ሃያ ሁለት መኪና ነው» አለ ሾፌሩ። «ታርጋው ላይ ተጽፏል።»

«እሱ ከውጭ ገብቶ እዚህ ታርጋ ያወጣበት ዓመት ነው። ወደብ ላይ ነው እንዴ የተወለደው?»

ጋቢና ገብተው ሳይቀመጡ የመቀመጫውን ቀበቶ እስከ ሥሩ ጎተቱና ግርጌው ላይ የተሰፋችውን ምልክት አሳዩት። ምልክቱ ላይ እንደተጻፈው ቀበቶው የተሠራው በሁለት ሺህ አራት ነው።

«አሥራ ስምንቱን ዓመት ማን ዋጠው?»

«እኔ አልሠራሁት፤ እንደ ሰው ገዛሁ። ካልተመቸዎት ሌላ መኪና ሞልቷል።»

ሴትዮዋ ከቦርሳቸው የተቆረጠ የቀበቶ ቁራጭ አውጥተው ፊቱ ዘረጉለት። ተመሳሳይ ምልክት ተሰፍቶበታል።

«ልጄም አዲስ ነው ተብላ ነው የተሳፈረችው። ከአደጋው የተረፈኝ ይሄ ነው።»

ቁራጩን ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ወደሚቀጥለው መኪና አለፉ። ዕቃ አልያዙም፤ የሚሄዱበትም የለም። ተራ የያዘውን መኪና ሁሉ እንዲሁ ቀበቶውን እየጎተቱ ዕድሜውን ሲያጋልጡ ይውላሉ።