የላቦራቶሪው ሽማግሌዎች

ሐይቅ ላይ በጀልባ እየወጣን ውሃ እንቀዳና ዩኒቨርሲቲያችን ላቦራቶሪ ወስደን እንመረምር ነበር። መምህራችን ላጤ ነው። ተማሪ ውሃ ቀድቶ ብቻ መቅረት የለበትም ብሎ፣ ያገኘነውን ውጤት እንግዶች ፊት እያቆመ ያስነግረናል። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ "አብሽሪ" ይለኛል። ወላሂ፣ እሱ አብሽሪ ካለኝ የማልደፍረው ነገር አልነበረም።

ልክ እንደተመረቅኩ ጦርነቱ መጣና ላቦራቶሪው ተዘረፈ፣ እኔም ውጫሌ ቤታችን ተቀመጥኩ። አባቴ ከዚያ ወዲያ ሴት ልጄ ከዓይኔ አትርቅም አለ። ስልክም አይሠራም ነበር።

አንድ ጠዋት እናቴ ጓዳ ድረስ እየሮጠች መጥታ "መምህርሽ ሽማግሌ ይዞ መጥቷል" አለችኝ። በመጋረጃው አሾልቄ አየሁ። ጋቢ የለበሱ ሁለት አዛውንት፣ አንዱ ሼህ አንዱ ቄስ፣ ከኋላቸው እሱ። አባቴ ተቀመጡ ቢላቸው "ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ። ለብቻው ቢመጣ ሐሜት ይሆንብኛል ብሎ እንዳስከተላቸው ያወቅኩት በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹም አፋቸው የለመደውን ተናገሩ፦ "ልጅዎን ፈልገን ነው የመጣነው።"

ምን ይደበቃል፣ ደስ አለኝ። የኢድ ቀሚሴን አውጥቼ ለበስኩ፣ ኩልም ተኳልኩ። ዛሬም ሳስበው መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ።

አባቴ ደንቡ የሚጠይቀውን ቀጠሮ እንኳን ሳይሰጥ "ኸይር ነው፣ ሰጥቻለሁ" አለ። መምህሬ ፊቱ በራ።

"ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ ትመለስልዎታለች" አለ።

"የምን ሁለት ዓመት?" አለ አባቴ።

መምህሬ ግራ እየተጋባ አስረዳ፤ ባሕር ዳር የምርምር ረዳት ቦታ አግኝቶልኛል፣ እየሠራሁ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ሼሁ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። አባቴ ላብ በላብ ሆነ። ቢሆንም ቃሉን አላጠፈም፤ "እንግዲህ አንዴ ሰጥቻለሁ ብያለሁ፣ ትምጣና ራሷ ትናገር" ብሎ ጠራኝ።

ቀሚሱን ለማውለቅ ጊዜ አልነበረም። ወጣሁ። መምህሬ ቀሚሱን አየ፣ ኩሉን አየ፣ ገባው። አንገቱን ደፋ።

"ትሄጃለሽ?" አለኝ አባቴ።

መሄድ እፈልግ ነበር፤ በሕይወቴ የዚያን ያህል የፈለግኩት ነገር የለም። "አልሄድም" አልኩ። ከፊታቸው ቶሎ ዞር ለማለት ብቻ ነው።

ቦታው ለሌላ ተማሪ ተሰጠ። እኔ አሁን ገበያው አጠገብ ሱቅ አለኝ። የሴት ልጅ ትምህርት በተነሳ ቁጥር አባቴ ለጎረቤቶቻችን "እኔማ ፈቅጄላት ነበር፣ እምቢ ያለችው ራሷ ናት" ይላል። እኔም እየሰማሁ ስኳር እመዝናለሁ።